ጀልባው ሲነሣ ተመልካቹ ለምን ይነሣል?

(በባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ለምህንድስና ተማሪዎችና ለጀልባ ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን አመሻችሁ።

ከፊት የተቀመጣችሁት አባቶችና ወንድሞች ዕድሜያችሁን ጣና ላይ ያሳለፋችሁ ናችሁ። ከበስተኋላ ያላችሁት ተማሪዎች ደግሞ የፈሳሽ ግፊት ቀመር ስትፈቱ ሰንብታችኋል፤ ግማሻችሁ ግን ጀልባ ላይ ወጥታችሁ እንደማታውቁ እጠረጥራለሁ። ዛሬ የማወራው ነገር ለሁለታችሁም የሚሆን ይመስለኛል። ከውኃው ተነሥተው ስለሚበሩ የሸራ ጀልባዎች ውድድርና ያ ውድድር ተመልካቹን ለምን እንቅልፍ እንደሚነሣው ነው የምናገረው።

ሸራ ጀልባ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ነጭ ሸራ ዘርግቶ ቀስ እያለ የሚንሸራሸር የባለጸጋ መዝናኛ ነው። ለረጅም ዘመንም እንዲያ ነበር። እኔ የማነሣው ጀልባ ግን ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎች ጎን ለጎን ተገጥመው የተሠራ ነው፤ ካታማራን ይሉታል። በመካከሉ የቆመው ጨርቅ አይደለም፤ እንደ አውሮፕላን ክንፍ የደነደነ፣ ወደ ሰማይ የተተከለ ክንፍ ነው። ከሥሩ ደግሞ ውኃ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ክንፎች አሉት፤ ፎይል የሚባሉት እነርሱ ናቸው። ነፋስ ሲያገኝ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ሁለቱም ቀፎዎች ውኃውን ይለቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ዕቃና ሰው በቀጫጭን ምላሶች ላይ ቆሞ አየር ላይ ይሄዳል። ዛሬ ሴይል ጂፒ በሚባለው ውድድር የሚሮጡት ኤፍ 50 ጀልባዎች ርዝመታቸው 15 ሜትር ሲሆን በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ። የሚገፋቸው ሞተር የለም። ቪዲዮውን ያሳየሁት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሞተሩ የት ነው?» ብሎ ስለሆነ አስቀድሜ ልናገረው።

ታዲያ ሰው ይህን ሲያይ ለምን ከወንበሩ ብድግ ይላል? የተለመደው መልስ ፍጥነቱ ነው የሚል ነው። እኔ አልስማማም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከዚህ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሚኒባስም ይነዳዋል፤ ተሳፋሪው ግን አያጨበጭብም፤ ይጸልያል እንጂ። ፍጥነት ለአምስት ደቂቃ ያስደንቃል፤ ከዚያ በኋላ ዓይን ይለምደዋል። የእነዚህን ጀልባዎች ውድድር ለሳምንታት እንዲከታተሉት የሚያደርጋቸው ነገር ሌላ ነው። መሣሪያው አዲስ ከመሆኑ የተነሣ በዓለም ምርጥ የተባሉት መርከበኞች እንኳ አያውቁትም ነበር። ተመልካቹ ያየው ሰዎች ሲማሩ ነው። ያውም በአደባባይ፣ በተቀናቃኛቸው ፊት፣ ሰዓት እየቆጠረባቸው።

ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ ጀልባው እንዴት እንደሚበር መናገር አለብኝ። ተማሪዎች ታገሡኝ፤ ለእናንተ ቀላል ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የተወለደውም በባሕር ላይ ሳይሆን በሐይቅ ላይ ነው፤ ይህን ለጣና ሰው መንገር ደስ ይለኛል። ጣሊያናዊው መሐንዲስ ኤንሪኮ ፎርላኒኒ እ.ኤ.አ. በ1906 ማጆሬ በተባለው ሐይቅ ላይ ከሥሩ ክንፍ ያለው ጀልባ በሞተር አስነሥቶ በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳ። ስልክን በመፈልሰፍ የምናውቀው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ደግሞ ከባልደረባው ከኬሲ ባልድዊን ጋር በካናዳ ብራ ዶር በተባለው ሐይቅ ላይ ሲሞክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1919 ጀልባቸው በሰዓት 114 ኪሎ ሜትር ሮጠ። በዚያ ዘመን ውኃ ላይ ከዚያ የፈጠነ አልነበረም። ይህ ሁሉ ግን በሞተር ነው። ነፋስ እየመጣ የሚሄድ፣ አቅጣጫ የሚለውጥ፣ ድንገት የሚሞት ኃይል ስለሆነ በሸራ መብረር በጣም ዘገየ።

ክንፉ የሚሠራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ነው። ልዩነቱ ውኃ እኩል መጠን ካለው አየር 800 ጊዜ ያህል የሚከብድ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ቶን የሚመዝን ጀልባ ለማንሣት በጣም ትንሽ ክንፍ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚያነሣው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ጀልባው ዝግ ሲል ክንፉ ምንም የማይረባ ሸክም ነው፤ ትንሽ ሲፈጥን ግን ድንገት ይነሣል፤ ሲነሣ ቀፎው ውኃ መቅዘፍ ስለሚያቆም የሚጎትተው ነገር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይፈጥናል። ተመልካቹ የሚጮኸው በዚህች ቅጽበት ነው። ጀልባው ሲነሣ የውኃው ጩኸት ይጠፋና ከክንፎቹ የሚወጣ ቀጭን ፉጨት ብቻ ይሰማል።

ነፋሱ 20 ኖት ሆኖ (ኖት የባሕር የፍጥነት መለኪያ ነው፤ አንዱ በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ) ጀልባው 40 ኖት እንዴት ይሄዳል? ይህ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ስለሆነች መልሱን ሁላችሁም በፊታችሁ ታውቁታላችሁ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ብስክሌት ስትነዱ ነፋስ ይመታችኋል፤ ያንን ነፋስ የፈጠራችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ጀልባውም ነፋሱን በጎኑ እየተቀበለ ሲሮጥ የራሱ ሩጫ የፈጠረው ነፋስ ከእውነተኛው ነፋስ ጋር ይደመርለታል፤ ክንፉ የሚያየው ሁለቱ ተደምረው ነው። ብዙ በሮጠ ቁጥር ብዙ ነፋስ አለው። ሲቆም ግን ሁሉንም በአንዴ ያጣል። አንድ መጥፎ መታጠፍ የሚያስከፍለውም ስለዚህ ነው። ከውኃው በላይ የነበረ ጀልባ ውኃው ላይ ከወደቀ የሚያጣው አንድ ሰከንድ አይደለም፤ ነፋሱንም ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ሚዛኑ ነው። ጀልባው ብዙ ከፍ ካለ ክንፉ ከውኃው ብቅ ይልና አየር ይቀላቀልበታል፤ የሚያነሣው ኃይል ባንድ ጊዜ ይጠፋና አፍንጫው ውኃ ውስጥ ይሰነቀራል። ዝቅ ካለ ቀፎው ውኃ ይነካል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ የክንፉን ዘንበል ማለት በየቅጽበቱ የሚያስተካክል ሰው አለ፤ ሥራው ማብረር ብቻ ነው። ፊቱን ብታዩት እንደ ታመመ ሰው ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። የአሜሪካ ዋንጫ የሚባለው ውድድር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1851 በእንግሊዝ አገር ዋይት ደሴት ዙሪያ ሲሆን ያሸነፈችው «አሜሪካ» የተባለች መርከብ ነበረች፤ ዋንጫው ስሙን ያገኘው ከእርሷ ነው። ከዚያ በኋላ ለ132 ዓመት አሜሪካኖቹ አላስነኩትም። እ.ኤ.አ. በ1983 አውስትራሊያዎች ከጀልባቸው ሥር ክንፍ ያለው ክብደት ገጥመው 4 ለ 3 አሸንፈው ወሰዱት፤ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ቦብ ሆክ በዚያ ቀን ከሥራ የቀረን ሠራተኛ የሚያባርር አሠሪ የማይረባ ሰው ነው ብለው በቴሌቪዥን ተናገሩ። የመንግሥት መሪ እንዲህ የሚያስብል ስፖርት ተራ ስፖርት አይደለም።

እኔን የያዘኝ ግን የ2013ቱ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተደረገ። ጊዜ ወስጄ እናገረዋለሁ፤ ምክንያቱም የምለው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ሻምፒዮኑ የአሜሪካው ኦራክል ቡድን ነበር፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ከኦራክል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ላሪ ኤሊሰን ነው። ተቀናቃኙ የኒው ዚላንድ ቡድን። ጀልባዎቹ ኤሲ 72 ይባሉ ነበር፤ ቀፎው 22 ሜትር፣ የቆመው ክንፍ 40 ሜትር፣ መርከበኞቹ 11። የውድድሩ ደንብ ሲጻፍ እነዚህ ጀልባዎች ይበራሉ ተብሎ አልታሰበም። ዋናዎቹ የውኃ ክንፎች የሚንቀሳቀስ ጫፍ እንዳይኖራቸው ተከልክሏል፤ ያለዚያ ደግሞ መብረር አይቻልም ይባል ነበር። ኒው ዚላንዶች ደንቡን ደጋግመው አንብበው ሌላ መንገድ አገኙ። ክንፉን ወደ ውስጥ በታጠፈ ክርን ቅርጽ ሠሩት። ጀልባው ከፍ ባለ ቁጥር ቀጥ ብሎ የቆመው የክንፉ ክፍል ከውኃው ይወጣል፤ ያን ጊዜ ጀልባው ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራል፤ መንሸራተቱ ደግሞ የሚያነሣውን ኃይል ይቀንሰውና ጀልባው ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ሚዛኑን የሚጠብቀው የክንፉ ቅርጽ ራሱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦክላንድ ላይ ያ ግዙፍ ጀልባ ከውኃው ብድግ ሲል የታየበት ምስል ሲወጣ ሌሎቹ ቡድኖች ንድፋቸውን እንደ አዲስ ማየት ነበረባቸው። ሕግን ሳይጥሱ በሕግ መካከል ማለፍ ማለት ይህ ነው፤ ተማሪዎች፣ ደንብ ማንበብ አሰልቺ ነው የምትሉ ካላችሁ አስቡበት።

መስከረም ላይ ፍጻሜው ተጀመረ። ቀድሞ 9 ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል። ኦራክል ግን ቀደም ሲል በነበረ የትንንሽ ጀልባዎች ውድድር ላይ ከደንብ ውጭ ክብደት ጨምሮ በመገኘቱ ሁለት ነጥብ ተቀጥቶ ከዜሮ በታች ነው የጀመረው። ኒው ዚላንዶች ደግሞ ገና ከመጀመሪያው የበላይ ነበሩ። በተለይ ወደ ነፋሱ ሽቅብ በሚኬድበት መንገድ ላይ ኦራክል ከኋላ ይጎተት ነበር። አንድ ቀን የኒው ዚላንዱ ጀልባ ሲታጠፍ ወደ ሰማይ የቆመው ክንፍ ወዲያ ማዶ አልዞር ብሎ ሊገለበጥ ተቃርቦ ነበር፤ ከሞት አፋፍ ተመለሰ፤ ያንን ዙር ቢያጡም መሪነታቸውን አላጡም። መስከረም 18 ቀን፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ውጤቱ 8 ለ 1 ሆነ። አንድ ዙር ብቻ ቀራቸው።

ኦራክሎች ጀልባውን በየሌሊቱ ይነካኩት ጀመር። የስልት ነዳፊያቸውንም ቀይረው የእንግሊዙን የኦሎምፒክ ባለብዙ ወርቅ ቤን ኤይንዝሊን አስገብተው ነበር። ትልቁ ለውጥ ግን አነዳዱ ነው፤ ወደ ነፋሱ ሽቅብ ሲሄዱም ከውኃው ተነሥተው መሄድ ተማሩ። በፍጻሜው መጀመሪያ ላይ ይህን በደንብ አይችሉትም ነበር። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ስታዩዋቸው ትናንት የሚንገዳገደው ጀልባ ዛሬ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። 8 ለ 2። በማግሥቱ ነፋሱ ሞተ፤ ኒው ዚላንዶች በሰፊ ርቀት እየመሩ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ተቃርበዋል፤ ግን ለአንድ ዙር የተፈቀደው 40 ደቂቃ አለቀና ዙሩ ተሰረዘ። የኒው ዚላንድ ሰው ይህን እስከ ዛሬ ሲያነሣ ድምፁ ይለወጣል። በዚያው ቀን ዙሩ ተደገመ፤ ኦራክል አሸነፈ። ከዚያ 8 ለ 5፣ 8 ለ 6፣ 8 ለ 8። መስከረም 25 ቀን የመጨረሻው ዙር ተደረገና ኦራክል በ44 ሰከንድ ቀድሞ ገባ፤ 9 ለ 8። ስምንት ዙር በተከታታይ።

ውድድሩ የሚጀመረው በሳን ፍራንሲስኮ ከቀኑ 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር፤ በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከሩብ መሆኑ ነው። በኒው ዚላንድ ደግሞ የማግሥቱ ጠዋት ነው፤ ስለዚህ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው፣ ሠራተኞች በየቢሯቸው ሥራ አቁመው አንድ ላይ ያዩ ነበር። የዚያ አገር ሕዝብ በዚያን ጊዜ ወደ 4 ሚሊዮን ተኩል ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ሕዝብ ተደምሮ ከዚያ ብዙ አያንስም። ሁለቱ ጎጃሞች በአንድ ጀልባ ላይ ልባቸውን ጥለው፣ አንድ ዙር ብቻ ቀርቷቸው፣ ከሳምንት በኋላ የሆነውን ሲያዩ አስቡ። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1995 የቡድናቸው መሪ ፒተር ብሌክ ቀይ ካልሲ ያደርግ ስለነበር አገሩ በሙሉ ቀይ ካልሲ ገዝቶ ነበር። እንዲህ ያለ ተመልካች ሲሸነፍ እንዴት እንደሚከፋው መገመት አያዳግትም።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ተመልካቹ መርከበኛ አልነበረም። አብዛኛው ሰው ሸራ ጎትቶ አያውቅም። የቴሌቪዥኑ ባለሙያዎች፣ በተለይ ስታን ሃኒ የተባለው መሐንዲስ፣ በውኃው ላይ መስመር እየሣሉ ማን እንደሚመራ፣ ማን ከድንበር እንደሚወጣ፣ ርቀቱ ስንት ሜትር እንደሆነ ያሳዩ ነበር። ውኃ ላይ መንገድ የለም፤ እነርሱ መንገድ ሣሉበት። ያን ጊዜ ተራ ሰው ማየት ጀመረ። ሲያይም መገመት፣ መከራከር፣ «አሁን መታጠፍ ነበረበት» ማለት ጀመረ። ይህ የተመልካችነት ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ከእግር ኳስም የምታውቁት ነው፤ አሠልጣኙን የምታርሙበት ደረጃ።

ጎጃም ላይ ቆሜ ይህን ስናገር ቅኔ ቤትን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ዋሸራ ወይም ዲማ ቅኔ ሲዘረፍ ያልተማረ ሰው ዜማውን ይሰማል፤ ደስ ይለዋልም። የተማረው ግን ቤቱ ሊመታ ሲል፣ ሰሙ ወርቁን ሊያገኘው ሲል ትንፋሹን ይይዛል፤ ዘራፊው የገባበትን ጠባብ ቦታ ያውቃላ! ሊወድቅ እንደሚችል ያውቃል። ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም፤ ቅኔው እዚያው ተወልዶ እዚያው ይሞታል። የእነዚህ ጀልባዎች ተመልካችም እንደዚያ ነው። ጀልባው የሚታጠፍበትን የውኃ ላይ ምልክት ሊዞር ሲቃረብ የሚያውቅ ሰው ፊቱን ብታዩ ቅኔ የሚሰማ ደብተራ ይመስላችኋል።

እዚህ ላይ የሚቃወሙ አሉ፤ ተቃውሟቸውም ባዶ አይደለም። የመጀመሪያው የገንዘቡ ነገር ነው። በ2013ቱ ውድድር አንድ ቡድን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። በዚህ ምክንያት ሊፎካከሩ የመጡት ሦስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። የኒው ዚላንድ መንግሥት እንኳ ለቡድኑ 36 ሚሊዮን የኒው ዚላንድ ዶላር ሰጥቷል፤ ሆስፒታል ይሠራበት ነበር ያሉ ዜጎች ነበሩ፤ እኔም አገሬ ቢሆን እንደዚያው እል ነበር። በዚህ ላይ የምከራከረው የለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሥራውን የሚሠራው ማሽኑ ነው የሚል ነው። በዚህ ግን አልስማማም። ማሽኑ ያለ ሰው እጅ ቢያሸንፍ ኖሮ 8 ለ 1 የነበረው 9 ለ 8 አይሆንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ቤርሙዳ ላይ ደግሞ ኒው ዚላንዶች መልሰው መጡ፤ ጀልባው ላይ ምን ገጠሙ ብትሉኝ ብስክሌት! ክንፎቹን የሚያንቀሳቅሰው የዘይት ግፊት በሰው ጉልበት መመረት ነበረበት፤ ሌሎቹ ቡድኖች በእጃቸው ሲያዞሩ እነርሱ በእግራቸው ፔዳል መቱ፤ እግር ከእጅ ይበረታልና። በለንደን ኦሎምፒክ በብስክሌት ሜዳሊያ ያገኘ ሰውም አሳፍረው ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ጀልባቸው በአፍንጫው ተሰንቅሮ ተገልብጦ ነበር፤ ጠግነው ተመለሱና በፍጻሜው 7 ለ 1 አሸነፉ። ቁልፍ የሚጫን ሰው ብቻ አይደለም ጀልባው ላይ ያለው፤ ላቡ የሚንጠባጠብም አለ።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ማንም ጮኾ አይናገረውም፤ እኔ ግን ልናገረው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 2013 ሊፎካከሩ ከመጡት ከሦስቱ አንዱ የሆነው የአርቴሚስ ቡድን ጀልባ በልምምድ ላይ ሳለ ተሰብሮ ተገለበጠ፤ እንግሊዛዊው አንድሩ ሲምፕሰን ከፍርስራሹ ሥር ቀርቶ ሞተ። በቤይጂንግ ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ መርከበኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ውድድር የሚፈቀድበት የነፋስ ጣሪያ ዝቅ ተደረገ፣ የደኅንነት ደንቡም ጠነከረ። ሰው ሲማር ማየት ደስ ይላል ስል የሚማረው ሰው አንዳንዴ የሚከፍለውን ዘንግቼ አይደለም። ጣና ላይ የምትሠሩት ደግሞ ውኃ ምን እንደሚወስድ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ሴይል ጂፒ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲድኒ ላይ ሲጀምር ኤሊሰንና ኒው ዚላንዳዊው ራስል ኩትስ አንድ ጥሩ ነገር አደረጉ። ጀልባዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጀልባ የሚሰበሰበው መረጃ ለሁሉም ቡድን ክፍት ነው። ያሸነፈህ ሰው ክንፉን በስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ ማታውን ታያለህ። ምሥጢር የለም፤ የቀረው ማን ቶሎ ተማረ የሚለው ነው። እኔ ከዋንጫው ይልቅ ይህንን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምንም እንኳ የዋንጫው ጥላቻና ተንኮል የሚጣፍጣቸው ብዙዎች ቢሆኑም።

አሁን ወደ ጣና እንምጣ፤ አባቶች «ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» ሳትሉኝ በፊት።

ከውኃ ዕቃ ጋር ያለን ዝምድና የትናንት አይደለም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ሲነሣ ደንገሉን ያስጫነው ከዚህ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያዋ «ራ» መንገድ ላይ ተበታተነች። በ1970 ሁለተኛዋ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። ዛሬ ማገዶ ጭና ከዘጌ የምትመጣው ታንኳ የምትሠራበት ተክል ውቅያኖስ ተሻግሯል። ይህ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አለመጻፉ ያናድደኛል።

የሚበር ጀልባ ጣና ላይ ቢመጣ ምን ይገጥመዋል? ይህን ማስላት እወዳለሁ። ሐይቁ ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ብሎ ያለ ስለሆነ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ነፋሱ እኩል ቢነፍስ እንኳ ሸራውን የሚገፋው ኃይል በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ውኃው ግን ያው ውኃ ነው፤ የውኃ ክንፉ እንደ ሳን ፍራንሲስኮ ያነሣል። አንድ ረቂቅ ነገር ደግሞ አለ። እነዚህ ጀልባዎች 50 ኖት አካባቢ ሲደርሱ በክንፉ ጀርባ ያለው ግፊት እጅግ ስለሚወርድ ውኃው ሳይሞቅ ይፈላል፤ አረፋው ክንፉን ያዳክመዋል። እዚህ የአየሩ ግፊት ራሱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ያ መፍላት ቀደም ብሎ፣ አሥር በመቶ ያህል ባነሰ ፍጥነት ይመጣል። ማንም ጣና ላይ 45 ኖት ለመሮጥ ስላልተዘጋጀ ለጊዜው አንጨነቅበትም።

ነፋሱን በተመለከተ እናንተ መምህራን ናችሁ። ሳን ፍራንሲስኮ የተመረጠችው በበጋ የመሐል አገሩ ሙቀት ቀዝቃዛውን የባሕር አየር በጠባቡ መግቢያ ስቦ ስለሚያስገባው ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለማይጠፋባት ነው። እዚህም ጠዋት ሐይቁ እንደ መስተዋት ይሆንና ከሰዓት በኋላ ማዕበል ይነሣል፤ ለዚህ ነው ወደ ገዳማቱ የሚሄድ እንግዳ በማለዳ የምታሳፍሩት። ጥልቀቱ ግን ችግር ነው፤ ጣና በጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር አይሞላም፤ ዳር ዳሩም ድንጋይና ደለል ነው። ከዚያ ደግሞ እምቦጩ አለ። እምቦጭ በቀዛፊ ላይ የሚያደርሰውን ታውቃላችሁ፤ በውኃ ክንፍ ላይ ሲጠመጠም ደግሞ ክንፉ ክንፍነቱን ያቆማል። ሯጮቹ አንድ ቅጠል ወይም ፌስታል ክንፉ ላይ ሲይዝባቸው ጀልባው እንደሚዘገይ ስንሰማ ይገርመን ነበር፤ እኛ ጋ ሙሉ ማሳ ነው።

ስለዚህ ውድድሩን እናምጣ የሚል ሰው አይደለሁም። የጀልባው ዋጋ ብቻ ይህን ከተማ ያስደነግጣል። የምለው ትንሽ ነገር ነው፤ ክንፍ እንሥራ።

ተማሪዎች፣ ቁጥሩን አብረን እናውጣ። 1 ሜትር የሚረዝም፣ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የእንጨት ክንፍ በመጠኑ አዘንብለን ውኃ ውስጥ ብንጎትት፣ በሰከንድ 4 ሜትር ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 60 ኪሎ ግራም ያህል ማንሣት ይችላል። አንድ ሰው ማለት ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያነሣው 15 ኪሎ ብቻ ነው። እዚህ ያለ የሞተር ጀልባ ያንን ፍጥነት ያወጣዋል። ዋንዛ ለመጥረብ የሚገራ እንጨት ነው፤ ቅርጹን አውጥቶ በፋይበር ግላስ መለበጥ ይቻላል። ከጀልባው ጎን በሚወጣ ጠንካራ ብረት ላይ ታስሮ፣ ከላዩ የክብደት መለኪያ ሚዛን ይደረግበታል። ፍጥነቱን ስልካችሁ ይለካዋል። ሠንጠረዥ አውጡ፤ ቀመሩ የሚለውንና ሚዛኑ የሚለውን ጎን ለጎን ጻፉ። አይገጥሙም። ለምን እንዳልገጠሙ ስትፈልጉ ነው የምትማሩት፤ ጠርዙ ሸካራ ሆኖ ይሆናል፣ ብረቱ ታጥፎ ይሆናል፣ ክንፉ ለውኃው ወለል ቀርቦ አየር ስቦ ይሆናል።

የጀልባ ሠራተኞች ደግሞ ሁለት ነገር እንድትረዱን እለምናለሁ። ከእምቦጩ የራቀና ጥልቀቱ ከሦስት ሜትር የማያንስ ቀጥ ያለ መስመር የት እንዳለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ካርታ ላይ አይገኝም። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱን ሳያወላውል ይዞ የሚነዳ ሰው ያስፈልገናል፤ ተማሪ ይህን አይችልም። ሥራው ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ ማዕበሉ ሚዛኑን ያወዛውዘዋል። የነዳጁን ወጪ እንዴት እንደምንሸፍን ከንግግሩ በኋላ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ሕይወት አድን ጃኬት ያልለበሰ ሰው፣ ዋና ቢችልም ባይችልም፣ ጀልባው ላይ አይወጣም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከፊት ካሉት አባቶች እንጀምር።